ስድስት በር፣ ሁለት አልጋ

አርባ ዓመት ሙሉ ከእንጨት ጋራ ኖሬ፣
ከሂርማታ ገበያ ጀርባ፣ ቆርቆሮዬን ወጥሬ፣
ስልግ፣ ስሰነጥቅ፣ ውዬ፣ አምሽቼ፣ አድሬ፣
ዛፍ አላውቅም ነበር።

ጣውላ ነው የማውቀው።
ዋንዛን በሽታው፣ ቀረሮን በክብደቱ፣
ጥድን መጋዝ ሲነክሰው በሚያወጣው ቅባቱ፣
ዝግባን ሚስማር ሲያርፍበት በገርነቱ።
ቅጠሉን ግን ብትጠይቁኝ፣ አበባው፣ ወራቱ፣
እኔ ጋ ሲመጣ ተልጦ ነው ፊቱ።

ከዚያ ሳል ጀመረኝ።
ቀን ቀን እንደ መጋዝ፣ ሌት ሌት እንደ ሞረድ፣
ደረቴን ይፍቀኝ ጀመር፣ እንቅልፌም ተነሣ ሊሰደድ፤
ሙንተሃ ትራስ ስትደርብ፣ ጎረቤት ሲሰማ በግድ፣
ልጃችን ረሻድ ጎትቶ ወሰደኝ ሆስፒታል።

ነርሷ ክንዴን ጠቅልላ፣ እየነፋች ጎማዋን፣
ቁጥሩን አየችና አነሣች ቅንድቧን።
ዶክተር ለሊሳ ወጣት ነው፣ የረሻድ እኩያ፣
ድምፁ ልስልስ ያለ፣ የተሳለ መላጊያ፦
“ግፊት አለብዎት፤ ሳንባዎም አቧራ ጠጥቷል፤
ኪኒኑን ይውሰዱ፣ ሲሠሩ አፍዎን መሸፈን ይሻላል፤
ደግሞ በየማለዳው፣ አንድ ሰዓት ይበቃል፣
ዛፍ መሃል ይቀመጡ።”

ሳቄ መጣ። ሳቁም ሳል ሆነ።
“እኔ እኮ” አልኩት፣ “ስኖርም ከዛፍ ጋር ነው!”
“እሱማ ሬሳው ነው” አለ ቀና ሳይል፣ እየጻፈ ካርዴ ላይ፣
“ያለውን ነው የምልዎ፣ ገና የሚያየውን ፀሐይ።”

በማግስቱ ከሱብሂ ወዲያ፣ ጃንጥላዬን ይዤ፣
የጅሬንን አቀበት ወጣሁ፣ አሥር ጊዜ ቆሜ፣ አሥር ጊዜ ተክዤ።
ከመንገዱ በስተግራ፣ ቡና የተጠለለበት፣
አንድ ጥላ አለ፣ ሰሳ፣ ብርብራ፣ ዋንዛ ያሉበት።
ተቀመጥኩ።
ምን ላድርግ? እጄ ሥራ ፈታ፣ ዓይኔ ግን አልፈታ፤
ትልቁን ዋንዛ ከእግሩ እስከ አናቱ ለካሁት በእርጋታ፦
ስድስት በር ይወጣዋል፣ ሁለት አልጋ፣ ከግርጌው አንድ ገበታ፣
ቅርንጫፉ በርጩማ ነው፣ ባለ ሦስት እግር፣
ሰጋቱራው ለዶሮ ቤት፤ ዋጋውን ስደምር
ሰዓቱ አለቀ።
ወረድኩ። ሳሉም አብሮኝ ወረደ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ፤ ቆጠርኩ፣ ቆረጥኩ፣ ሸጥኩ፣
በዓይኔ መጋዝ ያን ደን ሙሉውን ጣልኩ።
“እንዴት ነው አባባ?” ሲለኝ ረሻድ፣ “አተረፍኩ” አልኩ።

አንድ ቀን ግን፣ ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ለሊቱን አባርቶ፣
ከቅጠል ወደ ቅጠል ሲንጠባጠብ፣ ሳይቸኩል፣ ተራ ገብቶ፣
ጉሬዛ ልጇን አቅፋ፣ ካባዋን ጎትታ ስታልፍ፣
የረጠበ አፈር ሽቅብ ሲተነፍስ፣ ግንዱ ላይ ጣቴን ባሳርፍ፣
ሻካራ ነው። አልተላገም።
ልልገውም አላማረኝ።
ብድግ ስል ፀሐይዋ ከሰሳው በላይ ሆናለች፣
ለካስ ሁለት ሰዓት አልፏል፤ ሙንተሃም ተጨንቃለች፤
እኔ ደግሞ
አንድም በር አልቆጠርኩም።
አንድም ጊዜ አላሳለኝም።

አትሳሳቱ፤ ተአምር አላወራም።
ኪኒኔን እውጣለሁ፤ አፌን በጨርቅ ሳላስር መጋዝ አላነሣም፤
አቀበቱ ዛሬም አቀበት ነው፣ ጉልበቴም አልታደሰም።
ነርሷ ግን ቁጥሩን አይታ፣ ቅንድቧን አላነሣችም፤
ሙንተሃም ትራስ አትደርብም፤
ጎረቤት፣ ሳላስነሣው ለሚያድርበት ሌሊት፣ አላመሰገነኝም።

አሁንም በር እሠራለሁ፤ ቤት አለኝ፣ ሆድ አለኝ።
ጣውላ ሲመጣልኝ ግን፣ መጋዜ ከማረፉ በፊት፣
ቀለበቱን እቆጥራለሁ፣ ስንት ክረምት እንደቆመ፣ ስንት ሌሊት።

ያ የጅሬኑ ዋንዛ እዚያው ነው፣ ስድስቱን በር በሆዱ ዘግቶ።
ማለዳ ከሥሩ እቀመጣለሁ። ምንም አንባባል።
ምንስ እንባባላለን? ተዋውቀናል፤
እኔ ዋንዛን በሽታው፣
እሱም እኔን በሽታዬ።